እህትዓለም፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ

እህትዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ዝምታዬ በዝቷል፣ ይቅር በይኝ። የቤቱን ወሬ ስንገናኝ እናወራዋለን። አሁን ያስጨነቀኝ ነገር ግን ያላንቺ አይፈታም።

ጥናቴን ታውቂዋለሽ፤ ኩባንያና ነጋዴ መንግሥትን እንዴት ያግባባል የሚለውን። «ድሮም ነገር መቆስቆስ ትወጃለሽ» ትይኝ ይሆናል። በይኝ፤ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጎርደን ቱሎክ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ ጥያቄ አንስቶ ነበር። በአሜሪካ መንግሥት እጅ ያለው ጥቅም ይህን ያህል ከሆነ፣ ኩባንያዎች ለፖለቲከኞች የሚሰጡት ገንዘብ ለምን አነሰ? እስካሁን ይከራከሩበታል። እኔ መልሱን የምፈልገው ሰው ሰውን በሚያገኝበት መንገድ ነው። ማን ሲደውል ስልክ ይነሳለታል? ማንስ ለስብሰባ ይጠራል?

እዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሕግ አለ። ሎቢ የሚሠራ፣ ማለትም ተከፍሎት ባለሥልጣን የሚያግባባ፣ ይመዘገባል፤ ለማን እንደሠራና ስንት እንደተከፈለው ያሳውቃል። ተመራማሪው ከወንበሩ ሳይነሳ ያነበዋል። እኔ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ቁጭ ብዬ ምን ላንብብ? አማካሪዬ ቁጥር አምጪ ይሉኛል። ከየት? እዚህ ያለው የሚያስታውስ ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ደግሞ ሐሳቤ አባትሽ ላይ ወደቀ።

በሰሊጥ ንግድ ስንት ዘመናቸው! ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ ሰሊጥም በዚያ በኩል ይሸጥ ሲባል ነጋዴው ምን አደረገ? በንግድ ምክር ቤት በኩል አቤት አለ? ወይስ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ሰው ፈለገ? ማንኩር ኦልሰን የሚባል ሌላ ኢኮኖሚስት፣ ጥቂት ትልልቆች ቶሎ ይደራጃሉ፣ ብዙ ትንንሾች ግን አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይቀራሉ ይላል። አባትሽ ይህን በዓይናቸው ያዩ ይመስለኛል።

ግን እንዴት ልጠይቃቸው? ገና ከበር ሲያዩኝ «ነይ ልጄ፣ ቡና ደርሷል» የሚሉኝን ሰው፣ ወረቀት አውጥቼ «ከባለሥልጣን ጋር እንዴት ትገናኛላችሁ?» ልበላቸው? ባለፈው አራዳ ሄጄ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ብቻ ጠይቄ ተመለስኩ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ደግሞ ለኔ እምቢ አይሉም። እኔ እምቢ ማለት እንዲችሉ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ አንቺ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ስማቸው አይጻፍም፤ የሱቃቸው ቦታም አይጠቀስም። ካልወደዱት ላንቺ ይንገሩሽ፤ አንቺም «ተይው» በይኝ፤ ነገሩን ሳላነሳባቸው ቡናዬን እጠጣለሁ።

ስልክ ማንሳት እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ በጽሑፍም ይበቃኛል። ብቻ ከፋሲካ በፊት ይሁንልኝ።

እህትሽ፣ ከጎንደር