ኪኒንህን እንዳታቋርጥ

የኔ ጌታ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጉልበቴን ነገር ተወው።

እህትህ ሁሉንም ነገረችኝ። አንተማ ስደውልልህ «ሰላም ነው እማ» ብለህ ትዘጋለህ። የደም ግፊትህ 152 በ88 ሆኖ ምኑ ነው ሰላሙ? አንገትህና ብሽሽትህ ጋ መሣሪያ አድርገው የደም ስርህን ለኩት አሉ። የግፊቱ ፍጥነት በሴኮንድ 11 ሜትር። እናትህ ነርስ ሆና ጡረታ መውጣቷን ረስተኸው ይሆናል እንጂ እንዲህ ያለ ቁጥር ሰምቼ ዝም አልልም።

ልብ በመታች ቁጥር ግፊቱ በደም ስሩ ግድግዳ ላይ እንደ ማዕበል ይሮጣል። የጤነኛ ወጣት በሴኮንድ 6 ወይም 7 ሜትር ቢሄድ ነው። ከ10 ካለፈ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ስር ደንድኗል ይላሉ ሐኪሞቹ። ደህናው ስር ይለጠጥና ተመልሶ ይሰበሰባል። ልብ አረፍ ስትል ደሙን ወደፊት የሚገፋው እሱ ነው። ሲደነድን ግን ግፊቱ ሳይበርድ ሄዶ አንጎልና ኩላሊት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ስሮች ይመታል። ይህ የሽማግሌ ጣጣ ነበር። አንተ ዘንድሮ ገና 41 ሞላህ። ስለዚህ ኪኒኗን እንዳታቋርጥ።

«ራሴንም አያመኝ፣ ምን ያስውጠኛል» አልክ አሉ። የሐይቁ አጎትህም እንደዚሁ ይል ነበር። ኪኒን የሚያስታውሰው «ግፊቴ ተነሳ» ሲል ብቻ ነው። በሌላው ቀን ነጭ ሽንኩርቱን ያኝካል፣ ቡናውን በጨው ይጠጣል። አንድ ጠዋት ሲኒውን ሊያነሳ ሲል ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። አፉ ተጣመመ። ከዚያ ወዲያ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ግፊት እኮ እስኪነሳ አይጠበቅም! አታቋርጥ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። እዚያው አንተ ያለህበት ስዊድን፣ ማልሞ ከተማ፣ ፒተር ኒልሰን የሚባሉ ፕሮፌሰር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2008 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አውጥተዋል። እህትህ ናት ያነበበችልኝ። የደም ስር ያለ ዕድሜው ማርጀት ገና ከማህፀን ሊጀምር ይችላል ይላሉ። ስሩን የሚያለጥጠው ኢላስቲን የሚባለው ነገር በብዛት የሚሠራው በማህፀንና በልጅነት ነው። በኋላ ሲያልቅ እንደ ልብ አይተካም።

አንተ የ77 ልጅ ነህ። ደሴ ያኔ እንዴት እንደነበረች ከእኔ ሳይሆን ከአባትህ ነው የሰማኸው፤ እኔ ማውራት አልወድም። ከላስታ፣ ከራያ የመጣው ሰው መንገድ ላይ ተኝቷል። እኔ አንተን ይዤ የሌሊት ተረኛ ነኝ። የሚበላ ቢኖርም የእነዚያን ዓይን እያየሁ አይወርድልኝም ነበር። ስትወለድ አዋላጇ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችህና መርፌው ሁለት ኪሎ አልደረሰም። ሚዛኑን መታ መታ አደረገችው። ያው ነው። አክስትህ ቅቤ ይዛ መጥታ ገንፎ በገንፎ አደረገችህና በዓመትህ እንደ ኳስ ሆንክ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳመህ። አሁን ደግሞ ትንሽ ሆኖ ተወልዶ ቶሎ የወፈረ ልጅ በኋላ ለግፊት ይጋለጣል ይሉኛል። ያኔ ማን ያውቃል? ብናውቅስ ምን እናበላህ ነበር?

እሺ፣ ይብቃ። ያ ያለፈ ነው፣ ስኑስ የምትለው ትምባሆ ግን ያለፈ አይደለም። ከከንፈርህ ስር እየወተፍክ በቪዲዮ ስታወራኝ የማላይ መሰለህ? ጭስ ባይኖረውም ኒኮቲን ነው። ልብህን ያስሮጣል፣ ስርህን ያጠብባል። ታቆመዋለህ። «እቀንሳለሁ» አትበለኝ።

ግፊትህን ስትለካ ቡናም ስኑስም ከወሰድክ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ሽንትህን ሽና። ጀርባህን ደገፍ፣ እግርህን መሬት አድርግ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ስልክ እየነካካህ አይሆንም። ጠዋትና ማታ ለክተህ ጻፈው። ኪኒኗ አምሎዲፒን ከሆነች ቁርጭምጭሚት ታሳብጣለች፤ ካበጠህ ሐኪሙ ይቀይርልሃል። በራስህ ጊዜ ግን እንዳታቋርጥ፣ አባቴ።

በርበሬና ሽሮ ልኬልሃለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ቅዳሜ ስቶክሆልም ትገባለች። ሁለቱንም ያለ ጨው ነው ያስፈጨሁት፤ እህትህ ቀምሳ «ይሄ ምን ይጥማል» ብላ ስቃብኛለች። ለቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው እንዳታልፍ፣ ዳቦውና አይቡ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ቋጠሮው ውስጥ ኮሰረትም አለ። ሲደርስህ ደውል፣ የሳምንቱን ቁጥር ይዘህ።

እናትህ