ነፋሱ መንገድ በዘጋበት ቀን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር እንኳ ሳልጽፍልህ በመቆየቴ የማቀርበው ምክንያት የለኝም፤ ዛሬም ብዕር ያስያዘኝ ትጋት ሳይሆን ነፋስ ነው። በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ ላራሚ በምትባል ከተማ ከነባዶ ተጎታቼ ቆሜአለሁ፤ ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና 80 ጭነት ለሌላቸው ከባድ መኪኖች ስለተዘጋ እስኪከፈት እጠብቃለሁ።

የዚህ አገር ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የኃይለኛ ነፋስ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው፣ በአብዛኛው ቦታ፣ ነፋሱ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለአንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ሲነፍስ ወይም ድንገተኛ ግፊቱ በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያሳርፈው ጫና አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከ16 ሜትር በላይ የሚረዝም ባዶ ተጎታች ደግሞ ጎኑን ለነፋስ ሲሰጥ እንደ ሸራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ስላየሁት ብቻ ማስጠንቀቂያውን ንቄ ወጣሁ፤ ጥቂት እንደነዳሁ የግራ ጎማዎቼ ከአስፋልቱ ተነሥተው ሲመለሱ ተሰማኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደመና ማንበብ ጀመርሁ።

ትምህርት ቤት ሳለን ሲረስ፣ ኩሙለስ፣ ስትራተስ እያልን እንደ ዳዊት የሸመደድናቸውን ስሞች ታስታውሳለህ? ትርጉማቸውን የነገረን አልነበረም። በ1802 እ.ኤ.አ. ሉክ ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ የመድኃኒት ቀማሚ ከላቲን ያወጣቸው ሲሆኑ፣ የፀጉር ዘለላ፣ ክምርና ንጣፍ ማለት ናቸው። እኛ ግን ደመናን የምንፈልገው ለዝናብ ብቻ ስለነበር፣ የማያዘንበውን ደመና ቁም ነገር አለው ብለን አናየውም ነበር።

አሁን በመስኮቴ የማየው እንዲህ ያለው ነው። ሌንቲኩላር ይሉታል፤ ምስር የሚመስል ማለት ነው፤ ለእኔ ግን እንጀራ በእንጀራ ላይ የተደራረበ ይመስለኛል። ከጠዋት ጀምሮ ከተራራው አጠገብ ንቅንቅ አላለም፤ የዋህ ሰው ቢያየው ሰማዩ ፀጥ ያለ ነው ይላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ነፋሱ በተራራው ተገፍቶ ሲወጣ ይቀዘቅዝና እርጥበቱ ደመና ይሆናል፤ አልፎ ሲወርድ ደግሞ ይሞቅና ደመናው ይተናል። ስለዚህ ደመናው በፊቱ በኩል ያለማቋረጥ እየተሠራ በጀርባው በኩል እየፈረሰ ነው፤ የቆመው ቅርጹ ብቻ ነው፤ ነፋሱ በውስጡ ይጋልባል። እርግጥ፣ ከላይ ያለው ነፋስ ሁልጊዜ መሬት ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ለዚህም ነው ደመናውን ካየሁ በኋላ ማስጠንቀቂያውን የማነበው።

በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣው ሌላ ነው። ከነጎድጓዳማው ኩሙሎኒምበስ ሥር ዝናቡ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ መሬት ሳይደርስ በደረቁ አየር ውስጥ ሲተን ይታያል። ትነቱ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘውም አየር ከብዶ ይወርድና መሬቱን ሲመታ በየአቅጣጫው ይበተናል። ዳመነ እንጂ አልዘነበም ብሎ የሚዘናጋ ሾፌር የሚገለበጠው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍልህ በዓይኔ የሚመጣው ጣርማ በር ነው። ከቆላው ሽቅብ የሚወጣው አየር እየቀዘቀዘ ጉም ሆኖ ዋሻውን ሲውጠው፣ እኛ የመኪናው መስኮት ላይ በጣታችን ስማችንን እንጽፍ ነበር፤ ያም ደመና እንደሆነ፣ እኛም በውስጡ እንዳለፍን፣ ማን ነገረን?

ምስሩ ደመና አሁንም ከቦታው አልተነቃነቀም፤ መንገዱም ከማታ በፊት አይከፈትም ተብሏል። ስትመልስልኝ ስለ ልጆችህ አስቀድመህ ጻፍልኝ፤ ቀጥሎም በቅርቡ በጣርማ በር አልፈህ እንደሆነ፣ ጉሙ ከየት ተነሥቶ የት ላይ እንደሚጠፋ ያየኸውን ንገረኝ።

ናፋቂ ወንድምህ፣
ከላራሚ