ቀይ ቀበሮን ከአይጥ ጋር አትደምሩብን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ እንዴት ሰነበታችሁ፣ የምጽፈው ከወሎ ቦረና ነው። ሰሞኑን ስለ ሰብል ጥፋት ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ከእንግሊዝኛ እንደተተረጎመ ያስታውቃል፣ ቨርሚን የሚለውን ቃል ተባይ ብላችሁ አይጡንም ጭላዳውንም ጅቡንም ቀይ ቀበሮውንም አንድ ላይ ጨፍልቃችሁታል። ይሄ ነገር አልዋጥልኝ ስላለ ነው የጻፍኩት።

ቃሉ መነሻው ላቲን ነው፣ ትል ከሚለው የመጣ፣ እየቆየ ግን ቅማሉም አይጡም ቀበሮውም ገባበት። እንግሊዞቹ ጋ የአንድ እንስሳ ስም አይደለም፣ ባለመሬቱና ባለከብቱ የጠላውን ሁሉ ይጠራበታል። በፈረንጆቹ 1566 በንግሥት ኤልሳቤጥ ጊዜ ባወጡት ህግ የቀበሮም የቁራም ጭንቅላት ላመጣ ሰው ገንዘብ ይከፈለው ነበር። ማለት አንዴ እዛ ስም ውስጥ የገባ እንስሳ መገደሉ ነውር መሆኑ ይቀራል።

እኛ ጋ ተባይ ከተባለ ቤት ውስጥ ቁንጫና ትኋን፣ ጎተራ ውስጥ ነቀዝ፣ ማሳ ላይ ተምችና አንበጣ ነው። በ2013 መግቢያ ራያ ቆቦና ሀብሩ የደረሰ ማሽላ ላይ የወረደው አንበጣ ተባይ ቢባል ማን ይከራከራል? ዝንጀሮም ማሳ ይገባል፣ ገበሬው ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ያስጠብቃል፣ ጉዳቱን አልክድም፣ ግን ገበሬው ራሱ ዝንጀሮ ነው የሚለው እንጂ ተባይ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ቀይ ቀበሮ ደግሞ ወላሂ ያሳዝነኛል። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ ለአቅመ መውለድ የደረሱት 500 እንኳ አይሞሉም፣ ከነሱ ጥቂቶቹ እዚሁ ቦረና ሳይንትና አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ናቸው። የሚበላውም በብዛት የደጋ አይጥና ፍልፈል ነው፣ ያ ገብሳችንን የሚጨርሰውን ማለት ነው! አልፎ አልፎ ግልገል ይወስዳል፣ በግ ያለው ሰው የሚናደደው ለዛ ነው፣ ንዴቱም ይገባኛል፣ ግን አይጥ በላተኛውን ከአይጡ ጋር አንድ ስም ሰጥታችሁ ስታትሙ ያ የተናደደ እረኛ ምን ያድርግ?

እንዲህ አይነት ስም ከእንስሳ አልፎ ሰው ላይም ይለጠፋል፣ በፈረንጆቹ 1994 ሩዋንዳ ውስጥ ሬዲዮ ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ሲጠራ ምን ዓይነት እልቂት እንደመጣ እናውቃለን፣ ጋዜጠኛ ደግሞ ከማንም በላይ ማወቅ አለበት።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም እርማት አውጡልን፣ ከዛ በኋላም ሰብል ሲጠፋ የትኛው እንስሳ፣ የት ወረዳ፣ ምን እንደበላ በስሙ ጻፉት።