እያወቁ ለማለም የንጋት እንቅልፍ ይበቃል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በደሴ ከማስተምራቸው ወጣቶች መካከል፣ ሕልም ላይ መሆናቸውን እያወቁ ለማለም የሚጥሩ አሉ። አንዳንዶቹ ከስልክ ባገኙት ምክር ሌሊቱን በደወል እየተቀሰቀሱ ያድሩና ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ይገኛሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ እንቅልፍ ሳያጡ መሞከር ይቻላልና።

ጉዳዩ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ ሀል ዩኒቨርሲቲ ኪት ኸርን የተባለ ተመራማሪ ባደረገው ምርመራ፣ ተኝቶ የነበረው ሰው አስቀድመው በተስማሙበት ምልክት ዓይኑን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰ እያለመ መሆኑን አሳውቋል፤ በሕልም ጊዜ ሌላው አካል ቢዝልም ዓይን ይንቀሳቀሳልና። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስቴፈን ላበርዥ ይህንኑ አረጋግጦ የመለማመጃ ዘዴ አበጅቷል።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ሕልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ሲጀመር አጭር ነው፣ ወደ ንጋት ግን እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት ተኝቶ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ለሱብሂ የሚነሣ ሙስሊም፣ ወይም ኪዳን አድርሶ ዳግም ጋደም የሚል ክርስቲያን፣ ያለ ደወል የተሻለውን ጊዜ አግኝቷል። ጋቢውን ተከናንቦ ሲመለስ ስልኩን ሳይነካ የመጨረሻ ሕልሙን ያስታውስ፤ «ቀጥሎ ሳልም፣ እያለምኩ መሆኔን አስታውሳለሁ» እያለም በልቡ ይደጋግም። በሕልሙ የታየውን እንግዳ ነገር፣ ለምሳሌ በሕይወት የሌሉት አያቱ ሸዋ በር ላይ ቆመው ሲያነጋግሩት፣ «ይህ ሕልም ነው» ብሎ ሲለየው በዓይነ ልቡናው ይመልከት። ሲነጋም ከመኝታው ሳይወርድ ያየውን በደብተር ይጻፍ፤ ሕልሙን የማያስታውስ ሰው ቢያውቅበትም ይረሳዋል። ቀን ላይ ደግሞ የሱቅ ጽሑፍ አንብቦ፣ ዞር ብሎ መልሶ ማንበብን ይልመድ፤ ይህ ልማድ በሕልም ከመጣ ማለሙን ለመለየት ይረዳዋል፤ በሕልም ውስጥ ጽሑፍ ሁለተኛ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ተለውጦ ይገኛልና።

ከሰዓት በኋላ ጫት የቃመ ወይም ማታ እስከ በረካ ቡና የጠጣ ሰው ግን እንቅልፉ ስለሚቆራረጥ ብዙ አይጠብቅ፤ አልኮልም ሕልም የሚታይበትን እንቅልፍ ይቀንሳል።

ለወላጆች የምለው አለኝ። ልጁ ነቅቶ መንቀሳቀስ ቢያቅተውና ደረቱን የሚጫነው ነገር ቢሰማው፣ ይህ ዱካክ ነው፤ አካል ከእንቅልፍ ሳይፈታ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ የሚመጣ፣ በጥቂት ደቂቃዎች የሚያልፍ ነገር ነውና አትደንግጡ። ሕልምና እውን የሚምታታበት የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።

ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ቅዠት የማይለቃቸው ልጆች በመካከላችን አሉ። ለተደጋጋሚ ቅዠት፣ ፍጻሜውን ለውጦ ቀን ላይ በምናብ መለማመድ የሚባል የተፈተነ ሕክምና አለ። ጋዜጣችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋብዞ፣ ይህ ሕክምና ለልጆች እንዴት እንደሚሰጥ በዝርዝር እንዲያስነብበን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ መምህር፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ