እማዬ፣ አንዲት ልጅ አለች

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ዓይንሽ እንዳይደክም ፊደሉን አጉልቼ ጽፌዋለሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማንበብ መልመድሽ ጠቀመን። በስልክ እንዳልነግርሽ አጠገብሽ ሰው አይጠፋም።

ባለፈው ስንደዋወል «እንግዲህ እኔ ምን እጠቅማለሁ፣ የሰው ሸክም ሆኜ ቀረሁ» አልሽኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አለቀስኩ።

የነገርሽኝን ሁሉ አልረሳሁም። በ15 ዓመትሽ አራት ቀን አማጥሽ። በቃሬዛ ሲያደርሱሽ ልጁ ሞቷል። ከዚያ ሽንትሽ አልቆም አለ። ፊስቱላ ይባላል፤ ዛሬ አዋላጅ ሆኜ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የሕፃኑ ራስ መውጫ ሲያጣ የፊኛውን ሥጋ ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም አይደርሰውም። ሥጋው ይሞትና ይቀደዳል። ያኔ ግን «እርግማን ነው» ተባለ። ባልሽ ወደ እናትሽ ቤት መለሰሽ፣ ጓሮ ጎጆ ተቀለሰልሽ። እንዳይፈስሽ ብለሽ ውኃ መጠጣት ተውሽ፤ ሽንቱ ይብሱን እየከረረ ጭንሽን አቃጠለው። ሁለት ዓመት ሙሉ!

አዲስ አበባ ስትሄጂ ረዳቱ ከአውቶቡስ መንገድ ላይ እንዳወረደሽ ስታወሪ እንኳ ድምፅሽ አይለወጥም። የሚለወጠው ፊስቱላ ሆስፒታል በር ላይ ስትደርሺ ነው። ግቢው ውስጥ እንዳንቺ ቀሚሳቸው የራሰ ሴቶች ተቀምጠዋል። «በዓለም ላይ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» ትያለሽ። የማሚቱ ጋሼንም ነገር ያጫወትሽኝ አንቺ ነሽ። እሳቸውም የዚሁ በሽታ ታካሚ ነበሩ፤ አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ቀዶ ሕክምናውን ሆስፒታሉን ከመሠረቱት ከዶክተር ሐምሊንና ከባለቤታቸው ተማሩ።

አንቺ ሽንትሽ ቆሞልሽ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰሽ ተመለስሽ። ይኼ ይበቃሽ ነበር። ግን ቅዳሜ ገበያ ስትወጪ ዓይንሽ ከሰው ርቃ የተቀመጠች ልጅ ይፈልግ ነበር። አጠገቧ ትቀመጫለሽ። «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» ትያታለሽ። ሰባት ልጆችን እንዲህ አድርገሽ ወደ ሆስፒታሉ ላክሽ። አንዷን ከእኔ ጋር መደብ ላይ አሳድረሻታል። ጠዋት ጠዋት ቁርበቱን ስታጥቢ፣ እሷ አፍራ ስታለቅስ፣ ዛሬም ይታየኛል።

ሰዎች «ሁሉም ለበጎ ነው» ሲሉሽ ዝም ትያለሽ። እኔ ዝም አልልም። ወንድሜ የሞተው ለበጎ አይደለም። ከዚያ መከራ የተገኘ ደግ ነገር ካለ፣ አንቺ በእጅሽ ቆፍረሽ ያወጣሽው ነው። እኔን ስታረግዢም «ከእንግዲህ በቀዶ ሕክምና ነው የምትወልጂው» ስላሉሽ፣ ገና በስምንተኛው ወር ስንቅ ቋጥረሽ ባሕር ዳር ወረድሽ። በዚያ ነው እኔ የተረፍኩት።

አሁን የጻፍኩልሽ ለምን መሰለሽ? ከጤና ጣቢያችን የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ አንዲት ልጅ አለች። 17 ዓመቷ ነው። ከወለደች አምስት ወር ሆናት፤ ልጁ አልተረፈም። በር ዘግታ ትተኛለች። ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ባሕር ዳር ያለው የፊስቱላ ማዕከል በነፃ እንደሚያክም ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጋዋን የለበሰ ሰው ምን ያውቅልኛል ብላ ይሆናል። እውነቷን ነው፣ እኔ አላውቀውም።

አንቺን ትሰማለች። ጉልበትሽን አስቤ በቅሎ ለምኛለሁ። ቅዳሜ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ።

ልጅሽ