ቅሬዎቻችን ጸሐፊና ንብረት ያዥ እንዳያጡ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በደሴና በአካባቢዋ ያሉ ቅሬዎች፣ ማለትም የቀብርና የለቅሶ መረዳጃ ዕድሮች፣ የአመራር ምርጫ በደረሰ ቁጥር የሚገጥማቸው ችግር አባላትን እንዲያነጋግር በማሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። እኔ ባለሁበት ቅሬ የጸሐፊው፣ የንብረት ያዡና የሂሳብ ተቆጣጣሪው ቦታ ክፍት ነው። ዳኛውና ገንዘብ ያዡም የአገልግሎት ዘመናቸው ካለቀ ቆይቶ፣ የሚረከባቸው በመጥፋቱ ብቻ፣ በሽምግልና ዕድሜያቸው እየደከሙ ይገኛሉ። በጠቅላላ ጉባኤ ጥቆማ ሲጠየቅ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ የተጠቆመውም ሁሉ «እኔን ተዉኝ» ብሎ ይቀመጣል።

የወሎ ቅሬ በአብዛኛው የቆመው በሃይማኖት ሳይሆን በጉርብትና ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መዝገብ ተጽፈው መቃብር አብረው ይቆፍራሉ፣ ለቅሶም አብረው ይደርሳሉ። እኔ ከወሎ ባህል ይህን የሚያህል የምኮራበት ነገር የለኝም፤ ነገር ግን ሥራውን ይዞ የሚቆም ሰው ከሌለ ኩራቱ ብቻ ቀብር አያስፈጽምም። ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት ጀናዛው ሳይውል ሳያድር ስለሚቀበር፣ ለፋፊው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሰፈሩን ማዳረስ፣ ንብረት ያዡም ቃሬዛውንና መቆፈሪያውን ወዲያው ማውጣት አለባቸው። ክርስቲያን ሲሞት ደግሞ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ለቀናት ከሐዘንተኛው ቤት ይቆያሉ፤ ተቆጥረው ካልወጡና ተቆጥረው ካልገቡ ለሚቀጥለው ለቅሶ መጉደላቸው አይቀርም።

አባላት ኃላፊነትን የሚሸሹት ቅሬውን ስለናቁ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ የገባ ሰው መውጫ እንደማያገኝ አይተዋል፤ ገንዘብ የነካ ሰው ሳያጠፋ እንደሚታማም ያውቃሉ። ስለዚህ ልመናው ብቻውን አይበቃም። የአገልግሎት ጊዜው ሁለት ዓመት ተብሎ ይወሰን፣ ሲያልቅም በእርግጥ ይለቀቅ። ለየኃላፊነቱ ምክትል ይመደብና ሥራውን ከነባሩ ጎን ሆኖ ይልመድ። ሂሳቡ በየጊዜው ተመርምሮ በአባላት ፊት ከተነበበ ገንዘብ ያዡ ከሐሜት ይድናል፤ ተቆጣጣሪ የምንፈልገውም ሌባ ለመያዝ ሳይሆን ታማኙን ለመጠበቅ ነው።

ወጣቶችና ሴቶችም ሊታሰቡ ይገባል። በስልክ መልእክት ማስተላለፍና መዝገብ በኮምፒውተር መያዝ ለወጣቱ ቀላል ነው። የአባላት ዝርዝር በአንድ ሰው ቤት ብቻ መቀመጡ ምን ያህል አስጊ እንደሆነ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤታችንን ትተን የወጣን ሁሉ እንገነዘበዋለን። እናቶቻችንና እህቶቻችን ደግሞ የለቅሶውን ቤት መስተንግዶ ተሸክመው ሳለ፣ ስለ ዕቃውና ስለ ወጪው በሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኙም፤ ይህን ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

በየቅሬው ክፍት የሆነው ቦታና የሥራው ዝርዝር ከጉባኤው ቀደም ብሎ ለአባላት ይነገር። ፈቃደኛ የሆነም እስኪጠቆም ሳይጠብቅ ለዳኛው ያሳውቅ። እኔ ለጸሐፊነቱ ፈቃደኛ መሆኔን ለቅሬያችን ዳኛ ነግሬአለሁ፤ ንብረት ያዥና ተቆጣጣሪ ግን እስካሁን አልተገኙም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቅሬ አባል፣ ከደሴ