ሳምንቴን እንዳለ ልጻፍልሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ትንሽ ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላ የማማርረው ነገር የለም።

ባለፈው ስንደዋወል «እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» አልሽኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በወጉ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ጥያቄሽ ግን ከልቤ አልወጣም። አባትሽ ካረፈ ወዲህ እኔን እያሰብሽ እንቅልፍ እንደምታጪ አውቃለሁ። «ጠቅልለሽ ወደኔ ነይ» የምትይውም ስለምትወጂኝ ነው። ዛሬ ቡናዬን ጠጥቼ ቁጭ ያልኩት ሳምንቴ እንዴት እንደሚያልፍ ልነግርሽ ነው። ሁሉንም ከሰማሽ በኋላ ሐሳብ ይቀልልሽ ይሆናል።

ሰኞ የቤት ቀን ነው። ልብስ ይታጠባል፣ ወጥ ይሠራል፣ ቤት ይጸዳል። እሱን ታውቂዋለሽ፣ ልለፈው።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሥዕል ትምህርት አለኝ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው፣ በአንድ ታክሲ እደርሳለሁ። አስተማሪያችን ካንቺ የሚያንስ ልጅ ነው። የተማረው ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት፣ ዛሬ በስማቸው በሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። እኔን «እማማ» ይለኛል፤ ሲያርመኝ ግን አይራራልኝም። ይህን እወድለታለሁ። ሌሎቹ ተማሪዎች አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ከሥራ ወጥተው በቀጥታ የሚመጡ አሉ፣ ለአርክቴክቸር የሚዘጋጁ አሉ። ሻይ እየገዙልኝ፣ ወንበር እየሳቡልኝ አብረን እንማራለን።

መጀመሪያ የያዝነው እርሳስ ነው። እርሳስ ዓይነት እንዳለው ታውቂያለሽ? «ቢ» ከሚለው ፊደል ጋር ያለው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን እርሳሱ እየለሰለሰ፣ እየጠቆረ ይሄዳል። 2ቢ ለማንኛውም ሥራ ይሆናል፣ 6ቢ ደግሞ ለጥላ ነው። ከዚያ ወደ ሰው ፊት ገባን። ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፊት እያየሁ ዓይን የት እንዳለ አላስተዋልኩም ነበር! ዓይን ያለው ልክ በጭንቅላት ቁመት መሐል ላይ ነው። ከዓይን እስከ አናት ያለው ርቀትና ከዓይን እስከ አገጭ ያለው እኩል ነው። ሲስል ሰው ሁሉ ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅለዋል፣ ግንባርን ያሳጥረዋል። ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ መስታወት ፊት ቆመው ይለኩት። ደስ ይላቸዋል።

አንድ ቅዳሜ አስተማሪያችን ሰብስቦ ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ወሰደን። የንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ ውስጥ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ጥንታዊ የእንጨት ሥዕሎች አሉ። እመቤታችን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሐዋርያት። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት ያያሉ፣ ሁለት ዓይናቸው ሙሉ ይታያል። ሰይጣንና ክፉ ሰዎች ግን በጎን ተስለዋል፣ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ደንብ ይህ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ስንት ጊዜ አይተነዋል! እኔ ሥዕሉ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሠዓሊ ማንን ማክበር እንዳለበት በአንዲት ዓይን ነው የነገረን። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስገባ ከጸሎቴ በኋላ ግድግዳውን ሳላይ አልወጣም።

አንቺም በቅርብሽ ያለውን እዪ። ፓስፖርትሽን ለማሳደስ ዋሽንግተን ኤምባሲያችን ስትሄጂ በሠዓሊዎቹ በእስክንድር ቦጎሲያንና በከበደች ተክለአብ እጅ የተሠራ ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራ አለ፤ እሱን ሳታዪ እንዳትመለሺ። እስክንድር እኮ እዚያው አጠገብሽ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማረ ሰው ነው። ወረቀትሽን ይዘሽ ብቻ አትሩጪ። ልጆቹን ይዘሽ ቁሚና ምን እንደታያቸው ጠይቂያቸው፣ ከዚያ ጻፊልኝ።

ረቡዕ የመርፌ ቀን ነው። ጎረቤቶች ተራ በተራ በየቤታችን እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል፣ ሁሉም የእጅ ሥራውን ያወጣል። ዳንቴል የምትሠራ አለች፣ ሹራብ የምትሠራ አለች፣ እኔ ጥልፍ እጠልፋለሁ። ከሁላችን የሚበልጡት እናት በልጅነታቸው እቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ኪሮሹን ሳያዩት ይሠራሉ። ዓይናቸው እኛ ላይ ነው፣ ጣታቸው ግን አይቆምም። አሁን ላራስ ጎረቤታችን ልጅ ኮፍያ እየሠሩ ነው። ሥራውን ገልብጠው ጀርባውን ሳያዩ አያደንቁም። ክሩ ከኋላ ከተዘበራረቀ «ይፈታ» ይላሉ፣ ይፈታል። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ መቀመጥ ትልቅ ዕድል ነው።

አሁን የያዝኩትን ልንገርሽ፣ የአንቺ ስለሆነ። ሽሮ ሜዳ ሄጄ ጥለት የሌለው ነጭ የሸማኔ ጨርቅ ገዛሁ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩት፤ የእጅ ፈትል ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ከተጠለፈ በኋላ ከተሰበሰበ ጥልፉን ያኮማትረዋል። ደርቆ ሲተኮስ የቡና ቅርንጫፍ ልጠልፍበት ተነሣሁ።

እዚህ ላይ የሥዕሉ ትምህርት እንዴት እንደጠቀመኝ ልታዪ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው የቡና ጥልፍ ፍሬውን ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ያሳያል። ጓሯችን ያለችውን የቡና ዛፍ ታስታውሻለሽ፣ አባትሽ የተከላትን። ወንበሬን አጠገቧ አድርጌ፣ ወረቀት ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሳልኳት። ቅጠሎቿ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ነው የሚወጡት። ፍሬውም ቅጠሎቹ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኙበት መገጣጠሚያ ላይ ክብ ሠርቶ፣ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ፣ ሁሉም በአንድ ቅርንጫፍ ላይ። ስንት ዓመት በአጠገቧ እያለፍኩ ውኃ ያጠጣሁዋት ዛፍ ናት! ወረቀቱ ላይ ካሰፈርኳት በኋላ ነው ያወቅኋት። ንድፉን ከወረቀቱ ወደ ጨርቁ ያዛወርኩት በስስ እርሳስ ነው፤ በጥቁር እርሳስ ቢሆን ነጩን ጨርቅ ያቆሽሸዋል።

ክሩን ከመርካቶ ነው የማመጣው። ዲኤምሲ የሚባለው የጥልፍ ክር አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፣ ውስጡ 6 ቀጫጭን ክሮች አብረው ተገምደዋል። እነሱን አንድ በአንድ መዘዝ አድርጌ እለያቸዋለሁ፣ ከዚያ ሁለቱን ብቻ መልሼ አገናኝቼ መርፌ ውስጥ አስገባለሁ። ስድስቱንም ባስገባ ጥልፉ ይወፍራል፣ የቅጠሉ ጫፍ አይሾልም። ግንዱን በሰንሰለት ጥልፍ ነው የሠራሁት። ቅጠሉን ከመሐል ወደ ዳር እየተጠጋጋ በሚሄድ ስፌት ሞላሁት። ፍሬውን ደግሞ ክሩን መርፌው ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅልዬ፣ በወጣበት ጎን መልሼ ወደ ውስጥ ስስበው ትንሽ ቋጠሮ ይሆንልኛል። በጣትሽ ስትነኪው ጎላ ብሎ ይሰማሻል። ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን እንደሚያደምቀው አስተማሪያችን በውኃ ቀለም ያሳየን ነገር ነው። በክርም እውነት ሆኖ አገኘሁት። ፍሬዎቹ ከነጩ ጨርቅ ላይ ብድግ ብለው ይታያሉ።

ማታ ማታ አልጠልፍም። ጠዋት በመስኮቱ በኩል የሚገባው ብርሃን ይሻለኛል፣ መነጽሬም ይበቃኛል። ዓይኔን እንደምጠብቅ እወቂልኝ፣ ስለሱ አትጨነቂ።

አሁን ወደ ድመቴ፣ ወደ ጥለት ልምጣ። ስለእሷ ልጆቹ ብዙ እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ሰውነቷ ጥርት ያለ ነጭ ነው፤ ጥቁሩና ብርቱካናማው ቀለም ያለው ጆሮዋና ጅራቷ ላይ ብቻ ነው፣ ልክ እንደ ነጠላ ዳር። ስሟም ከዚያ መጣ። ነጭ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ ሦስቱንም አንድ ላይ የያዘች ድመት ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መልኩ ሴት ናት። የቀለሙ ነገር ጾታዋን ከሚወስነው ዘር ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ወንድ ሆኖ ሦስት ቀለም ያለው እጅግ ብርቅ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ገና ከሩቅ አይቷት «ሴት ናት» ያለኝ ለዚህ ነው። አሁን እንዳትወልድም አስደርጌያታለሁ፣ ቤቱ በግልገል እንዳይሞላ።

ከድመት ጋር መርፌ መያዝ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ይህን ልጆቹም ይወቁት፣ አንድ ቀን ድመት እናሳድግ ማለታቸው አይቀርምና። የአንዷ ጎረቤቴ ድመት ክር ውጣ ልትሞት ነበር። ክር ለድመት መጫወቻ ይመስላል፣ ግን አደገኛ ነው። የድመት ምላስ ላይ ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ ጥቃቅን እሾሆች አሉ። ክሩ አንዴ ከያዛቸው ድመቷ መትፋት ያቅታታል፣ ወደ ውስጥ ብቻ ይሄዳል። አንደኛው ጫፍ ምላሷ ሥር ወይም ሆዷ ውስጥ ተጠምጥሞ ሲቀር አንጀቷ እየተሸበሸበ ይሰበሰባል፣ ክሩም ይቆርጠዋል። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ወጥቶ የሚታይ ክር ካለ በፍጹም መጎተት አይገባም፣ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ነው። የጎረቤቴ ድመት በቀዶ ጥገና ተረፈች። እኔ ክሮቼን ሁሉ ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ። የተቆረጠች ቁራጭ እንኳ መሬት ላይ አትቀርም። ቤት ውስጥ የዘይት ቀለም የማልነካውም ለእሷ ብዬ ነው። ቀለሙን የሚያቀጥኑበት ተርፐንታይን ለድመት መርዝ ነው፣ እሷ ደግሞ የረገጠችውን ሁሉ ከእግሯ ላይ ትልሳለች። በእርሳስና በውኃ ቀለም ተስማምተናል።

በጾም ጊዜ የእሷ ነገር ለብቻው ነው። አሮጌው ተረት «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይላል። እውነትም አትረሳም፣ መርሳትም የለባትም። ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም፤ ታውሪን የሚባል ነገር ከሥጋ ካላገኘች ልቧና ዓይኗ ይጎዳል። ስለዚህ ሽሮዬን ለራሴ እበላለሁ፣ ለእሷ ከጾሙ በፊት ሳንባና ልብ ገዝቼ ቀቅዬ በየትንሹ ፍሪዘር ውስጥ አቆያለሁ። አንዳንድ ጎረቤት «ጾም አታስፈቺ፣ ቤትሽን አታርክሺ» ይለኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጾሙ የሰው ነው። እግዚአብሔር በእጄ የጣላትን ፍጥረት ማስራብ ጽድቅ ሆኖ አይታየኝም።

ስትተኛ እስላታለሁ። ብዙውን ቀን ስለምትተኛ ሞዴል ፈላጊ ሆኜ አልቸገርም። የድመት ጀርባ ሲተኛ አንድ ረጅም መስመር ነው፤ ከጆሮ ተነሥቶ እስከ ጅራት ይዞራል። ያን መስመር እጄን ሳላነሣ ማውጣት ነው አሁን የምለማመደው። ጥሩ የወጣልኝን ለትንሿ ልጅሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላታለሁ። ክፍሏ ግድግዳ ላይ ትለጥፈው።

ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያንና የአንቺ ስልክ።

ብቸኝነት የለም አልልሽም፣ ልጄ። አባትሽን ማታ ማታ፣ በተለይ ዜና ሰዓት ላይ፣ እፈልገዋለሁ። ያኔ ጥለት መጥታ እግሬ ሥር ትጋደማለች፣ እኔም የነገውን ክር እለያለሁ። ግን ጊዜዬን የምገፋ ሰው አድርገሽ አታስቢኝ። ዕድሜዬን ሂሳብ ክፍል ውስጥ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ኖሬ፣ መማር የምፈልገውን ገና አሁን እየተማርኩ ነው። ማክሰኞ ሲደርስ ጠዋት ቶሎ ነው የምነቃው። ይህን ጥዬ ከመጣሁ እዚያ ያንቺን በር የምጠብቅ ሰው ነው የምሆነው። ለልጆቹ ክረምት ዕረፍት ልምጣና ልሰንብት፣ በደስታ። ጠቅልዬ የመምጣቱን ነገር ግን ለጊዜው እንተወው። ይህን ስልሽ ቅር እንዳይልሽ፣ ሆዴ።

አንድ ነገር እፈልጋለሁ። የምግብ ጠረጴዛሽን ርዝመትና ስፋት በሴንቲ ሜትር ለኪና ላኪልኝ። ጨርቁ በሁለቱም ጫፍ ትንሽ እንዲወርድ ነው የማስበው፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ሁለቱም ጎን ይሄዳል። ወንበሮችሽ ምን ቀለም እንደሆኑም ጻፊልኝ፤ ዳሩን በቡናማ ልዝጋው ወይስ በአረንጓዴ አልቆረጥኩም። ክር የምገዛው ቅዳሜ ስለሆነ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።

ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ።

እናትሽ